የውዳቂው ጣሳ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እትዬ አልማዝ መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው። ወረቀት አልጠየቁኝም፤ ስንተኛ ክፍል ደረስሽም አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ "አምስተኛ" ብዬ ማፈሬ አይቀርም ነበር። መዳፌን ገልብጠው ጥፍሬን አዩና፣ "አትቁረጪው፣ አታሳድጊውም፤ ልክ እንዲህ ይሁን" ብለው የራሳቸውን አሳዩኝ።

እትዬ አልማዝ የለቃሚዎች ተቆጣጣሪ ነበሩ። መጋዘኑ ጅማ ውስጥ ከሄርማታ ገበያ ወረድ ብሎ ያለ ቡና ማበጠሪያ ነው። ቡና ለቃሚ ሲባል ብዙ ሰው ዛፍ ስር ቅርጫት ይዛ የቆመች ሴት ትታየዋለች። ያቺ ሌላ ናት። እኛ የምንለቅመው ተፈልፍሎ ገለባው የወጣለትን ጥሬ ቡና ነው። ማሽኑ አበጥሮ አበጥሮ ያቃተውን መጥፎ ፍሬ በዓይንና በጣት እናወጣለን። የማሽንን ስህተት የምታርም ሴት ብትሉኝ ቅር አይለኝም።

ዕቃችን ጥቂት ነው። ዙሪያው በጠባብ ጣውላ የታጠረ ረጅም ጠረጴዛ አለ። በእያንዳንዷ ሴት ፊት ጠረጴዛው ላይ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ስር በሁለት ምስማር የተንጠለጠለ ጆንያ። ደህናውን ፍሬ በክንዳችን ጠርገን ወደ ቀዳዳው እንሰደዋለን። መጥፎው በቀኝ እጃችን በኩል ወዳለው ጣሳ ይገባል። ጣሳው ሲሞላ ከጠረጴዛው ጫፍ በተቀመጠው የውዳቂ ጆንያ ውስጥ ይራገፋል። የደህናው ጆንያ ሲሞላ ከምስማሩ ወርዶ፣ ቁጥራችን የተጻፈበት ካርቶን ይገባበትና ይሰፋል። የኔ ቁጥር አሥራ አራት ነበር።

ያን ቀን እስከ ምሳ ጣሳዬን አራት ጊዜ ሞላሁ። ሌሎቹ ገና አንዴ አልሞሉም። ጠማማውን፣ ትንሹን፣ ነጥብ ያለበትን፣ ብቻ ዓይኔ ያልወደደውን ሁሉ ጣልኩ። እትዬ አልማዝ ጣሳዬን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው በጣታቸው በተኑት።

"ይሄ ምን አደረገሽ?"

"ጠማማ ነው፣ እትዬ።"

"ይሄስ?"

"ሰጋሁት።"

ፍሬውን አንስተው ለጠረጴዛው ሁሉ አሳዩ። "በፍርድ ቀን ጌታ ይቺን ሴት በር ላይ እንዳያቆማት ጸልዩ። ገነት ባዶዋን ትቀራለች" አሉ።

"እሷስ መች ትገባለች፣ ራሷንም ትጥላለች" አለች ከግራዬ የተቀመጠችው ሴት። ፋጡማ ናት፤ የጅሬን ሰፈር ልጅ፣ ቁጥር አሥራ አምስት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ተቀመጥን።

መስጋት ተፈጥሮዬ ነው። በሩን ቆልፌ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እጎትታለሁ። ባሌ ሹፌር ነበር፤ ጭነት ይዞ ወደ መቱ በሄደ ቁጥር ገደል ገባ ብዬ እሰጋ ነበር። ገደል አልገባም፤ እዚያው ሌላ ቤት ሠራ። አልሞተም፣ ደህና ነው። ከአጋሮ ተነስቼ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤት የተከራየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አብራኝ የመጣችው የሁለት ዓመት ልጄ ማርታ ብቻ ናት።

ሥራውን ያስተማረችኝ ፋጡማ ናት። ጥቁሩ ፍሬ ቀላል ነው፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። የነቀዘው ቀዳዳ አለው። ስባሪው ጣት ላይ ይሻክራል። ክፉው "ግሙ" ነው። ግሙ ከእጥበት ገንዳ ጥግ ተረስቶ የከረመ ፍሬ ነው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ትንሽ ብቻ ወደ ቡኒ ያደላል። በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ይሸታል። አንዱ ከተቆላ ጀበናውን ሙሉ ያገማል። የጥፍሩ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ።

"ከጥቁሩ አትፍሪ" አለችኝ ፋጡማ። "ጥቁሩ አይዋሽም። ደህና የሚመስለውን ነው የምትፈሪው።"

ጠረጴዛችን ላይ በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ እንቀመጣለን። እጅ ሥራ ይዟል፤ አፍ ግን ነፃ ነው። ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ጸዳለ ጴንጤ ናት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ፋጡማ ሙስሊም። ጠዋት በሦስት ሃይማኖት እንከፍታለን፤ ማታ በአንድ የወገብ ሕመም እንዘጋለን። እግዚአብሔር በኛ ጠረጴዛ ላይ የተከሰሰውን ያህል የትም ፍርድ ቤት የተከሰሰ አይመስለኝም። ዝናብ ሲቀር ይከሰሳል፤ ሲበዛም ይከሰሳል። ጸዳለ ጠበቃው ናት። ፋጡማ፣ "ሜ፣ እስቲ ተይው፣ አላህ ሥራውን ያውቃል" ብላ ፋይሉን ትዘጋዋለች። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድ ቅዱስ ወደ ሌላ ቅዱስ ደብዳቤ አመላላሽ ነበርኩ።

ማርታ አድጋ እዚሁ ጅማ የነርስነት ትምህርት ጀመረች። የነጭ ጋውኗን ቁልፍ እኔ ነኝ የተከልኩት። ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ለልምምድ ሆስፒታል ወጣች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከልምምድ መጣች፤ ጋውኗን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከጎማ ወረዳ በኩል ልቡ ሲፈጠር ቀዳዳ የሆነ የሰባት ወር ሕፃን መጥቶ ነበር። እናቱ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ ማርታ ነበረች የያዘችው። እጇ ላይ ሞተ።

"እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያን አትቀስቅሺኝ" አለችኝ።

"ደክሞሽ ነው።"

"አልደከመኝም። ሕፃኑ ልቡ ሲሠራ ነው ቀዳዳ የሆነው። ማነው የሠራው? እንዲህ አድርጎ ልብ የሚሠራ ከሆነ እኔ አልፈልገውም። ካለ።"

"ድምፅሽን ቀንሺ" አልኳት።

"ማን እንዳይሰማ?"

ጎረቤት እንዳይሰማ ማለቴ አልነበረም።

ሰው ሊስቅ ይችላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ልጄ ከአንድ ትልቅ ቤት የወጣች መሰለኝ፤ ቁልፉም በእኔ እጅ የነበረ መሰለኝ። አባቷ የለም። እኔ ነገ ብሞት ማንን ይዛ ታለቅሳለች? የምትጮህበትም የምትለምነውም ከሌላት ያንን ሕፃን ብቻዋን ልትሸከመው ነው። ስጋቴ ይኸው ነበር። ሲኦልን አላሰብኩትም፤ ሲኦል ሩቅ ነው።

ሰኞ ጥያቄውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ለአንድ የሰባት ወር ሕፃን መልስ የሚሆን ያላችሁ አምጡ፣ ለልጄ ይዤ እገባለሁ አልኩ።

"ለፈተና ነው" አለች ፋጡማ።

"ማንን ነው የፈተነው? ሕፃኑን? አፉን አልፈታም እኮ።"

"እናቱን ይሆናላ።"

"እናቱን ለመፈተን ሕፃኑን ይገድላል? እንዲህ ዓይነት መምህር ትምህርት ቤት ቢኖር ወላጅ ኮሚቴ ያባርረው ነበር" አለች ከወዲያ ጫፍ አንዷ። ጠረጴዛው ሳቀ፤ ወዲያው የሚያማትቡት አማተቡ፣ ፋጡማም አስተግፊሩላህ አለች። እኛ ዘንድ ቀልድና ንስሐ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት።

ጸዳለ፣ "ጌታ መልአክ ፈልጎ ነው የወሰደው" አለች።

ይህን ለማርታ አልነገርኳትም። ጋውኗን አውልቃ የምትወረውርብኝ መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶችን የሚያስተምሩትን መምህር ጠበቅኋቸው። ወጣት ናቸው፤ ፂማቸው ግን ያስከብራል። የማያምኑ ሰዎች የሚጠይቁትን ጥያቄ ሁሉ የሚመልሱ እየተባሉ የሚወደሱ ናቸው። ከጣሪያው ጥላ ስር ቆመን ነገርኳቸው።

"እናቴ፣ እግዚአብሔር ክፉን አልፈጠረም" አሉኝ። "ክፉ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም። የመልካም ጉድለት ነው። ጨለማ ማለት የብርሃን አለመኖር እንደሆነ ሁሉ።"

"መምህር፣ እኔ ቡና ለቃሚ ነኝ። ጥቁር ፍሬ በጣቴ እይዛለሁ። ጉድለት ቢሆን ጣቴ ባዶ ይሆን ነበር።"

ፈገግ አሉ። "ጥቁሩ ፍሬ መጀመሪያ ምን ነበር?"

"ቡና ነዋ።"

"ምን ሆኖ ጠቆረ?"

"ሳይበስል ወድቆ፣ ወይም በሽታ መትቶት።"

"እንግዲህ ጥቁር ፍሬ የሚባል ዛፍ የለም። ደህና ፍሬ ሊሆን ተጀምሮ የጎደለው ነው።"

እውነቴን ነው፣ ይህች ገብታኛለች። በሥራዬ ገቡብኝ፣ በሥራዬ ረቱኝ። ጥቁር ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ አይቼ አላውቅም። ቀጠሉና ስለ ነፃ ፈቃድ ነገሩኝ፤ እግዚአብሔር ሰውን በገመድ እንደሚጎተት አሻንጉሊት እንዳልፈጠረው፣ መውደድ የሚችል ሁሉ መበደልም እንደሚችል። እንዳልረሳው በአንድ አሮጌ የጆንያ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

ማርታ ካርቶኑን ቆማ አነበበችው። ገልብጣ በጀርባው ያለውን አሥራ አራት ቁጥርም አየች።

"ጥሩ ነው" አለች። "ለሌባና ለገዳይ ይሠራል። ሕፃኑ ምን ፈቀደ?"

በሚቀጥለው እሑድ ይህንኑ ይዤ ተመለስኩ። መምህሩ ፂማቸውን ያዝ አደረጉ። "እሱ ምሥጢር ነው፣ እናቴ" አሉ። ምሥጢር መሆኑንማ አምስተኛ ክፍልም ደርሼ አውቀዋለሁ። ግን ስላልዋሹኝ ወደድኳቸው።

ማክሰኞ ጸዳለ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ከቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች የሰማችው ነው። ቀን ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ፋጡማ ለዙሁር ሶላት ወጥታለች።

"እስኪ ልጅሽን አንድ ነገር ጠይቂያት" አለችኝ። "የሕፃኑ ሞት ክፉ ነው አለች አይደል? በማን ሚዛን መዝና ነው ክፉ ያለችው? እግዚአብሔር ከሌለ ክፉም ደግም የለም። ድንጋይ ድንጋይን ሲመታ ማን ክፉ ይላል? ሚዛኑን ያስቀመጠላት እሱ ነው። በሱ ሚዛን እሱን ትመዝነዋለች።"

ነገሩ ደስ አለኝ፤ ደግሞ አናደደኝ። "ሚዛን የሰጠ ሰው ራሱ አይመዘንም ማለት ነው?" ብዬ ተነሳሁ። ጣሳዬ ሞልቶ ስለነበር በእጄ ይዤዋለሁ። የዚያን ቀን ቡና ከሊሙ በኩል የመጣ ሲሆን ግሙ እጅግ የበዛበት ነበር። ፊቴ ወደ ጸዳለ ዞሮ፣ እየተከራከርኩ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄጄ ጣሳውን አራገፍኩ።

የፍሬው ድምፅ ሌላ ሆነብኝ። ዞር ስል ያራገፍኩት ከውዳቂው ጆንያ አልነበረም። ፋጡማ ጆንያዋን ሞልታ፣ ከምስማሩ አውርዳ፣ እንዲሰፋላት አፉን ከፍታ በርጩማዋ አጠገብ አቁማው ሄዳ ኖሯል። ከላይ የተቀመጠው ካርቶን፣ አሥራ አምስት ቁጥር፣ በጥቁር ፍሬ ተቀብሯል።

እጄን አስገባሁ። ሁለት እፍኝ ያህል አወጣሁ። የቀረው ወደ ውስጥ ገባ፤ በነካካሁት ቁጥር ይሰምጣል። በዚህ መሃል ጆንያ ሰፊው መርፌውን ይዞ መጣ። ያወጣሁትን ጣሳዬ ውስጥ መልሼ ከጆንያው ራቅ አልኩ።

"የፋጡማ አለቀች?" አለኝ።

"አለቀች" አልኩት።

ሰፋው። ጸዳለ ዓይኗን ከፍሬዋ ሳታነሳ ስለ ሚዛኑ ማውራቷን አላቆመችም ነበር።

ያቺን አንዲት ቃል ለምን እንዳወጣኋት ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ጆንያ መፍታት ማለት እትዬ አልማዝን መጥራት ነው። እትዬ አልማዝ መጡ ማለት የኔ ቁጥር ለመባረር ተጻፈ ማለት ነው። ማርታ ለመመረቅ አንድ ዓመት ከግማሽ ይቀራታል። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ ነበር። ሰይጣን አልገፋኝም፤ ሰይጣን በነበረ ብዬ ዙሪያዬን አይቻለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ናሙና አውጪው መጣ። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት ብረት ከጆንያው ስፌት ዝቅ አድርጎ ይወጋል፤ ፍሬው በብረቱ ውስጥ ይወርዳል። ከአሥራ አምስት ቁጥር ጆንያ የወረደው ጥቁርና ግም ነበር። እትዬ አልማዝ ጆንያውን አስፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስዘረገፉት።

ለቃሚ እንዲህ አያሳልፍም፤ ያውም ፋጡማ። ስለዚህ ወዲያው ሌላ ነገር ተባለ፦ ከደህናው አውጥታ ወስዳ ቦታውን በውዳቂ ሞላችው። ሌባ ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ነበሩ፤ እስከ ቅዳሜ ቤቷ ትቀመጥና እሳቸው መጥተው ይወስኑ ተባለ።

ፋጡማ ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። "ወላሂ እኔ አይደለሁም" አለች። አንዴ ብቻ ነው ያለችው። ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፤ እኔን ልታጽናና።

ሦስት ቀን በርጩማዋ ባዶ ሆነ፤ ጠረጴዛውም ምክንያት ሲፈልግ ከረመ። ዓይን ነው ያሉ ነበሩ። ቅናት ነው፣ የመጋዘኑ ቦታ ጥሩ አይደለም ያሉም ነበሩ። ጸዳለ ጅሬን ድረስ ሄዳ ጠይቃት መጣች፤ ፋጡማ፣ "አላህ ሊፈትነኝ ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ብላለች አለችን። ከዚያ ጸዳለ ተነስታ ባዶውን በርጩማ በኢየሱስ ስም ገሠጸችው፤ የዚህ ክፉ ሥራ ባለቤት ካለህበት ውጣ አለችው። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። አንድ ክንድ ወደ እኔ ብትዞር ታገኘው ነበር።

ሁሉም ወደ ላይ ያያል፤ እግዚአብሔር ለምን ፈቀደ ይባላል። የዚህን ጥያቄ መልስ በመጋዘኑ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መልሱ ደግሞ ቁጥር አሥራ አራት ነው።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ማርታ ቤት ነበረች። ምሳ ዕቃዬን ከፈተችና እንዳልነካሁት አየች። የጀመረችው ነርስነት ነውና ግንባሬን ዳሰሰች፣ ደም ግፊት አለችኝ። ነገርኳት።

"ነገ ጠዋት ትነግሪያቸዋለሽ" አለችኝ።

"ትምህርትሽስ?"

"የኔን ትምህርት መጋረጃ አታድርጊው።"

ደሜ ፈላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ስለምንላት የከረምኩት ልጅ ልትሰብከኝ ነው። የጸዳለን ጥያቄ አነሳሁና፣ "አንቺ እግዚአብሔር የለም አላልሽም? በማን ሚዛን መዝነሽ ነው እኔን የምታዢኝ?" አልኳት።

"በማንም ሚዛን ይሁን፣ እማዬ" አለች። "ፋጡማ ሌባ ተብላ ቤቷ ተቀምጣለች።"

ሚዛኑን ማን እንዳስቀመጠልን ያን ቀን አላወቅሁም፤ እንዳልተበላሸ ግን አወቅሁ። እኔ ማክሰኞ ቀን መርፌው ሳይገባ በፊት አውቄዋለሁ፤ እሷ ሳታምን አወቀችው። ጸዳለ እንዳለችው ሚዛኑ የእግዚአብሔር ከሆነ፣ ባለቤቱ ሚዛኑን ልጄ ዘንድ ረስቶ አልሄደም፤ እዚያው አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁና እትዬ አልማዝ በቆሙበት ነገርኳቸው። ጣሳውን ይዤ፣ የት እንደቆምኩ፣ ስንት እርምጃ እንደሄድኩ አሳየኋቸው። ስጋት ያለበት ሰው ሲናዘዝም ዝርዝር ያበዛል።

"ማክሰኞ ለምን አልተናገርሽም?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"ፈራሁ።"

"ዛሬስ አትፈሪም?"

"እፈራለሁ። ልጄ ናት ያዘዘችኝ።"

"ልጅሽ ምንድን ናት?"

"ነርስ ልትሆን ነው። ከሃዲ ናት" አልኩ። አመለጠኝ።

ሥራ አስኪያጁ እትዬ አልማዝን አዩ። እትዬ አልማዝ መነጽራቸውን አወለቁ። "ከሃዲዋ እንዲህ ካደረገች አማኞቹን ምን እናድርጋቸው?" አሉ።

አላባረሩኝም። እስከ ቡናው ወቅት መጨረሻ ከደህናው ቡና ጠረጴዛ ወርጄ ውዳቂ መጋዘን ገባሁ። እዚያ የሚለቀመው ከውዳቂው ውስጥ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሆነው ነው። አቧራው ያስነጥሳል፤ ክርክርም የለም፣ ማንም አፉን አይከፍትም።

በዚያው ቀን ወደ ጅሬን ወጣሁ። ዳገቱ ላይ የምለውን ስለማመድ ትንፋሼ አለቀብኝ። ፋጡማ በረንዳዋ ላይ ጎመን ትከትፋለች። ቆሜ ተናገርኩ።

"አንቺ ነሽ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ሦስት ቀን ሙሉ አላህን ምን አጠፋሁ ብዬ ስለምን ነበር። አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ሰይጣንንም በየሶላቱ ስረግመው ነው የከረምኩት። እሱን ሰውዬ ይቅርታ ልጠይቀው ነው እንግዲህ።"

ሳቀች፤ እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ሳቋን አቆመችና ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስወጣ ትከሻሽን ነክቼሽ ነበር፣ ብርቄ" አለችኝ። ሳህኗን ይዛ ገባች፤ በሩን ዘጋችው።

ፋጡማ ሰኞ ወደ በርጩማዋ ተመለሰች። ለኔ ሁለት ወር ያህል ሰላምታ አልሰጠችኝም። ከዚያ በጸዳለ በኩል መልእክት ላከችብኝ፦ "ውዳቂ መጋዘን ያሉት ሴቶች ጣሳዋን ከወገቧ ጋር ይሰሩላት።" ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ይቅርታ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ወቅቱ አልቆ ወደ ጠረጴዛችን ስመለስ ከቀኟ ያለውን በርጩማ ማንም እንዳይቀመጥበት ሻርፗን ጥላበት አገኘሁት። ጆንያዋን ግን ሶላት ስትሄድ ጸዳለ ዘንድ በአደራ ታስቀምጠው ጀመር። እስከ መጨረሻው እንዲሁ አደረገች፤ እኔም ቅር አላለኝም።

ለመምህሩም ነገርኳቸው። "ለትምህርቴ ጥሩ ምሳሌ ነው" አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ፣ "አንዲት ቡና ለቃሚ እናት ነበረች" ብለው ሲጀምሩ አውደ ምሕረቱ ፊት የተቀመጠው ምእመን ግማሹ ዞሮ አየኝ።

ማርታ ተመረቀች። ዛሬ ሕፃናት ክፍል ነው የምትሠራው፤ ራሷ ናት የመረጠችው። በተመረቀችበት ዓመት ፍልሰታ ላይ አንድ ጠዋት ሳልቀሰቅሳት ተነስታ ጫማዋን አሰረች።

"የት ነው?" አልኳት።

"ካንቺ ጋር። ልጸልይ አይደለም፤ ልጣላው ነው።"

"ተጣዪው፤ ግን ነጠላ ልበሺ" አልኳት።

ከቅጥሩ ጥግ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ምን እንዳለችው አልጠየቅኳትም። አንዳንድ እሑድ ትመጣለች፣ አንዳንድ እሑድ አትመጣም። የምትጮህበት አላት፤ እኔን የሚያሳስበኝ የነበረው እሱ ነው።

የሕፃኑን ነገር እስካሁን የመለሰልኝ የለም። የሰው እጅ ያላበላሸው፣ ማንም ጣሳ ያላራገፈበት ልብ ለምን ቀዳዳ ሆኖ ተሠራ? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የምሞተው፤ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀውም እሱን ነው። በር ላይ የቆመው እንደኔ የሚሰጋ ካልሆነና ካስገባኝ ማለቴ ነው።

እትዬ አልማዝ ጡረታ ሲወጡ ተቆጣጣሪ ያደረጉኝ እኔን ነው። "ለምን እኔን?" ስላቸው፣ "ማጥፋትን ታውቂዋለሽ" አሉኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ቀየርኩ። የውዳቂው ጣሳ ሁሉ ቀይ ተቀባ። የውዳቂው ጆንያ ከጠረጴዛው ጫፍ ተነስቶ ከበሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ ጋር ታሰረ፤ ለማራገፍ ተነስቶ መሄድ ግድ ሆነ። ሴቶቹ እግራችንን አሳመምሽን ብለው አጉረመረሙ። ፋጡማ ብቻ፣ "ተዉአት፣ ለኔ ብላ ነው" አለቻቸው።

እኔም አሁን ከሥራ ወጥቻለሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ ቡኒውን ከደህናው ለመለየት መስኮት ጋ መሄድ አለብኝ። አዲስ የሚገቡት ሴቶች አንዳንዴ ቤቴ መጥተው ሥራው ምኑ ይከብዳል ይሉኛል። ግሙን መለየት በአንድ የቡና ወቅት ይለመዳል። እየተከራከራችሁ መልቀምም ይቻላል፤ እጅ ራሱ ያውቃል። ጣሳ ስታራግፉ ግን አፋችሁን ዝጉና የማን ጆንያ እንደሆነ እዩ። ከተሳሳታችሁም ሰፊው ሳይሰፋው ተናገሩ።